ገንቦ የሚነፋው ባንድ፤ ከሜምፊስ እስከ ሻኪሶ

እንደ ሻኪሶ ባሉ የደቡብ ከተሞች ያደገ ሰው ጄሪካን ሁለት ሥራ እንዳለው ያውቃል። በአዘቦት ቀን ውኃ ይቀዳበታል፤ በእንቁጣጣሽና በሠርግ ሰሞን ደግሞ ባዶው ይገለበጥና ከበሮ ይሆናል። ቆዳ የተለጎመበት ከበሮ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጄሪካን የሌለው ቤት ግን ማግኘት ያስቸግራል። እኔም በልጅነቴ የዘመን መለወጫ ዘፈን የሰማሁት በአብዛኛው በጄሪካን ምት ታጅቦ ነው።

ከዚህ እጅግ ርቆ በሚገኘው የአሜሪካ ደቡብ ይኸው ብልሃት ራሱን የቻለ የባንድ ዓይነት ወልዷል። ስሙም ጀግ ባንድ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ባንድ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳጠፋውና ምን መልሶ እንዳነሣው በአጭሩ አቀርባለሁ። ታሪኩን የማነሣው እንግዳ ነገር ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በእኛ ከተሞች ለሚዘፍኑና ለሚጫወቱ ሰዎች የሚሆን ቁም ነገር ስላለበት ነው።

ለመሆኑ ጀግ ባንድ ምንድን ነው?

ጀግ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ገበታ ላይ የሚቀመጠው የውኃ ጆግ ነው። ይኼኛው ግን ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ፣ ከሸክላ የተሠራ የውስኪ መያዣ ነው። ከእኛ ዕቃዎች ይበልጥ የሚቀርበው የጠላ ገንቦ ስለሆነ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ገንቦ እለዋለሁ።

በአንድ ጀግ ባንድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዎች ይኖራሉ። ጊታር፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን ወይም ሃርሞኒካ የሚጫወቱት ዜማውን ይይዛሉ። የቀሩት የሚጫወቱት በቤት ዕቃ ነው። አንዱ ገንቦ ይነፋል። ሌላው ጣቶቹ ላይ ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቁትን ብረት አድርጎ፣ ሸንተረር ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ እየፋቀ ምት ይሰጣል። ሦስተኛው የልብስ ሳፋ ደፍቶ መሐሉ ላይ ሲባጎ ያስራል፤ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ከመጥረጊያ እንጨት አናት ጋር ያገናኘዋል። እንጨቱን ወደ ኋላ ሲስበው ሲባጎው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያላላው ይወፍራል። ማሲንቋችን በአንድ ክር ዜማ እንደሚያወጣ ሁሉ ይህም የሳፋ ቤዝ የሚሠራው በአንድ ክር ነው። ካዙ የምትባል፣ ሲያንጎራጉሩባት የምትነዝር ትንሽ መሣሪያም አለች፤ እሷን ያጣ ሰው ማበጠሪያ በወረቀት ሸፍኖ ይጠቀማል።

ገንቦው እንዴት እንደሚነፋ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው በጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ ይመስለዋል። ጠርሙስ ላይ ድምፁን የሚሠራው ውስጥ ያለው አየር በመሆኑ አንድ ጠርሙስ የሚሰጠው በዋናነት አንድ ድምፅ ነው። ገንቦ ነፊ ግን እንደ መለከት ነፊ ከንፈሩን ገጥሞ እያርገበገበ ወደ ገንቦው ይነፋል። አፉ ገንቦውን አይነካውም፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ድምፁ የሚፈጠረው ከንፈር ላይ ነው፤ የገንቦው ሆድ ያገዝፈዋል። ቅላጼው የሚለወጠው ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት ነው። የሠለጠነ ነፊ እስከ ሁለት ኦክታቭ ድረስ መውጣትና መውረድ ይችላል።

ቤት ባለ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ሞክሬው ነበር። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ትንፋሽ ያልቃል፣ ራስም ያዞራል። ሌሊቱን ሙሉ ለጭፈራ የሚነፉት ሰዎች ምን ያህል ባለሙያ እንደነበሩ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የዕቃው ርካሽነት ሙያውን ቀላል አያደርገውም።

ከሉዊቪል ወደ ሜምፊስ

የጀግ ባንድ መነሻ በኬንታኪ ግዛት የምትገኘው የሉዊቪል ከተማ ናት። ኬንታኪ የቡርበን ውስኪ አገር ስለሆነች የውስኪ ገንቦ እንደ ልብ ይገኝባት ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኧርል ማክዶናልድን የመሰሉ ጥቁር ሙዚቀኞች ገንቦውን ከቫዮሊንና ከባንጆ ጋር አዋሕደው በጎዳና፣ በግብዣ ቤትና በታዋቂው የኬንታኪ ደርቢ የፈረስ ውድድር ሰሞን ይጫወቱ ጀመር። ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጥ ትልቅ የናስ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ባንድ ገንቦው ምትክ ሆነለት።

እነዚህ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጹት እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ የሉዊቪል ተወላጅ የሆነችውን የብሉዝ ዘፋኝ ሣራ ማርቲንን አጅበው ነበር። ሸክላዎቹ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሠራጩ። በቴኔሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ የሚኖረው ዊል ሼድ የሉዊቪሎቹን ሰምቶ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ሜምፊስ ጀግ ባንድ የተባለው ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1927 ለቪክተር ኩባንያ መቅረጽ ጀመረ፤ እስከ 1934ም ድረስ ቆየ። አባላቱ ይለዋወጡ ነበር። እንደ ሃቲ ሃርትና ሜምፊስ ሚኒ ያሉ ሴት ድምፃውያንም አብረውት ቀርጸዋል።

በዚያው ከተማ ገስ ካነን የሚባል የባንጆ ተጫዋች ነበር። ካነን ገንቦውን በማንጠልጠያ አንገቱ ላይ አስሮ፣ በእጁ ባንጆ እየመታ በአፉ ገንቦ ይነፋል። ቀደም ሲል ኑሮውን ይመራ የነበረው ከመድኃኒት አዟሪዎች ጋር ከከተማ ከተማ በመዞር ነው። አዟሪው መድኃኒቱን ከመሸጡ በፊት ሰው የሚሰበስብለት ሙዚቀኛ ያስፈልገው ነበርና። ካነን እ.ኤ.አ. በ1928 ካነንስ ጀግ ስቶምፐርስ በሚል ስም መቅረጽ ጀመረ። ኖዋ ሉዊስ የተባለው ድንቅ የሃርሞኒካ ተጫዋችም አብሮት ነበር።

ምን አጠፋው?

እ.ኤ.አ. በ1929 የተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ የሸክላ ገበያውን አሽመደመደው። በተለይ ድሃ ጥቁሮች የሚገዟቸው ሸክላዎች ቀድመው ተመቱ። ሬዲዮ ተስፋፋ፤ በየመጠጥ ቤቱ ደግሞ ሳንቲም ሲከቱበት ዘፈን የሚያሰማው ጁክቦክስ ገባ። ጁክቦክስ ምግብ አይበላም፤ ሽልማትም አይጠብቅም። ባለ መጠጥ ቤቱ አራትና አምስት ሰው የሚያስቀምጥበት ምክንያት አጣ። ካነን ወደ ቀን ሥራ ገባ፤ ሼድና ጓደኞቹ በሜምፊስ ጎዳናዎችና መናፈሻዎች ለሳንቲም ይጫወቱ ጀመር። ሃያ ዓመት ያህል ማንም ስለእነሱ አልጠየቀም።

ምን መለሰው?

የመጀመሪያው ምክንያት ድምፁ መቀረጹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለ ሸክላ ሰብሳቢ ፎክዌይስ በተሰኘው ኩባንያ አማካይነት 84 የቆዩ ሥራዎችን የያዘ ስብስብ አወጣ። የሜምፊስ ጀግ ባንድና የካነን ሥራዎችም ከውስጡ ነበሩ። ሳሙኤል ቻርተርስ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ ሜምፊስ ድረስ ሄዶ ሼድንና ካነንን በሕይወት አገኛቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ብሉዝ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚሄድ የሸክላ ስብስብም አዘጋጀ።

ሁለተኛው ምክንያት ቤት መገኘቱ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬምብሪጅ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተ ክለብ 47 የሚባል ቦታ ነበር። ጠባብ ነው። የሚሸጠው አልኮል ሳይሆን ቡና ነው። መጀመሪያ ጃዝ ይቀርብበት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ዘፈን መናኸሪያ ሆነ። ጆን ባዬዝ በወጣትነቷ የዘፈነችው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጂም ክዌስኪን የተባለ ወጣት በዚሁ አካባቢ የራሱን ጀግ ባንድ አቋቋመ። ገንቦውንና የሳፋ ቤዙን የያዘው ፍሪትዝ ሪችመንድ ነበር። ቡድኑ የመጀመሪያ አልበሙን በዚያው ዓመት በቫንጋርድ ኩባንያ በኩል አወጣ።

የጀግ ባንድ ምሽት ከኮንሰርት ይልቅ ጨዋታ ያለበት ግብዣ ይመስላል። ተጫዋቾቹ በዘፈን መሐል ይቀላለዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሳፋ ያንቋሽሻል፤ ዘፈኖቹም የፍቅር እሮሮ፣ የጭፈራና የቀልድ ድብልቅ ናቸው። አድማጩ ከመድረኩ የሁለት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ስለሚቀመጥ ሳፋው ሳፋ፣ ገንቦውም ገንቦ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወጣቶች እኔም እችላለሁ ብለው ጀመሩ። የግሬትፉል ዴድ መሥራቾች መነሻ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ጀግ ባንድ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የዚሁ ሙዚቃ ዘመድ የሆነው ስኪፍል ወጣቱን ማርኮት ነበር፤ ጆን ሌነን ከቢትልስ በፊት ያቋቋመው የልጆች ቡድን የስኪፍል ቡድን ነው።

ክለብ 47 እ.ኤ.አ. በ1968 ተዘጋ። የመጨረሻ አድራሻው በነበረው ቤት ግን ፓሲም የሚባል ክለብ ተተካ፤ ዛሬም ትርፍ የማያካፍል ድርጅት ሆኖ ሙዚቃ ያቀርባል። የባንዱ ዓይነት መነሻ በሆነችው በሉዊቪልም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለዓመታት የጀግ ባንዶች በዓል ሲከበር ቆይቷል።

የገስ ካነን ነገር

ሦስተኛው ምክንያት ስም ነው። ገስ ካነን እ.ኤ.አ. በ1929 ካስቀረጻቸው ዘፈኖች አንዱ "ዎክ ራይት ኢን" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሩፍቶፕ ሲንገርስ የተባሉ ነጭ ወጣቶች ዘፈኑን እንደገና ሠርተው በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ አደረጉት። ካነን ያን ጊዜ ሸምግሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ክረምት ቤቱን የሚያሞቅበት የድንጋይ ከሰል ለመግዛት ባንጆውን በመያዣ አስይዞ እንደነበር በብዙ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል።

ዘፈኑ ስም አልባ የሕዝብ ዘፈን ተብሎ ቢሆን ኖሮ ካነን በሬዲዮ እየሰማው በብርድ ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን የእሱና የጓደኛው የሆዚያ ውድስ ስም በድርሰቱ ባለቤትነት ሰፍሮ ስለነበር የድርሻውን ክፍያ አገኘ። በዚያው ዓመት ስታክስ የተባለው የሜምፊስ ኩባንያ አንድ አልበም አስቀረጸው፤ ገንቦውን የነፋለት የድሮ ወዳጁ ዊል ሼድ ነበር። ሼድ እ.ኤ.አ. በ1966 በድህነት እንዳለ ሞተ። ካነን ግን እስከ 1979 ኖሯል።

በእኛ አገርስ?

ዕቃን ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መለወጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። የክራር ሆድ ከእንጨት ገበቴ ይሠራል፤ ገበቴው ሲጠፋ በብረት ሳህን የሚሠሩ አሉ። ዋሽንት ከሸምበቆ ወደ ፕላስቲክና ብረት ቧንቧ ከተሻገረ ቆይቷል።

ከሁሉ ይልቅ ለጀግ ባንድ መንፈስ የሚቀርበው ግን ከሻኪሶ ወደ ደቡብ፣ ከነገሌም አልፎ ያለው የቦረና ቆላ ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ በአካባቢው አጠራር ኤላዎች፣ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ይቆሙና ውኃ የሞላውን ዕቃ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ይቀባበላሉ። ዕቃው ድሮ ከቆዳ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የተቆረጠ ጄሪካን ነው። ቅብብሎሹ የሚካሄደው በዘፈን ነው። ዘፈኑ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ የእጆቹ ልክ እንዳይዛነፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ከብቶቹም ድምፁን ለይተው ወደ ገንዳው ይመጣሉ ይባላል። ኤላው የጎሳ ሲሆን የዕለቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች እነዚህን ኤላዎች ዘፋኞቹ ጉድጓዶች እያሉ የሚጠሯቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለው ዘፈን ከሥራው ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው። የሞተር ፓምፕ የገባበት ኤላ ላይ ውኃው በቀላሉ ይወጣል፤ ዘፈኑ ግን ሥራውን ያጣል። ፓምፑ አይግባ ማለት በሌላው ሰው ትከሻ መፍረድ ነው። ጥያቄው ዘፈኑ ከኤላው ሲወጣ የት ይገባል የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ የራሷ መልስ ነበራት፤ አዝማሪ ቤት። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሌሊት ሰዓት እላፊ ሲነሣ በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች አዝማሪ ቤቶች በረከቱ። አድማጩ ተቀበል ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ሰምና ወርቁን ያወጣል፤ ሽልማቱ በግንባሩ ይለጠፋል። ከአድማጩ ጋር ያለው ቅርበትና ቀልድ ከክለብ 47 የራቀ አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች የገነነው የካዛንቺሱ ፈንድቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በሽልማት እየተወዛወዘ የኖረበትን ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ቡድኑንም ይዞ ብዙ የዓለም መድረኮችን ዞረ። ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ እንደ አዲስ ሲገነባ ከአካባቢው ጋር ፈርሷል። ፈንድቃ ስም ስለነበረው ሥራውን በሌላ ቦታ መቀጠል ችሏል። ስም ያልነበራቸው የጎረቤት ቤቶች ያንን ዕድል አላገኙም።

ለሻኪሶ ምን ይጠቅማል?

ሻኪሶ የወርቅና የቡና ከተማ ናት። ወርቁ ከአራቱም ማዕዘን ሰው ስቦ አምጥቷል። በአንድ ሰፈር የጉጂ ኦሮሞው፣ የአማራው፣ የጉራጌው፣ የወላይታውና የትግራዩ ዘፈን ይሰማል። የጉጂ ገዳ ሥርዓትም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በመዘገበው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ውስጥ የሚጠቃለል ነው። እኔ ባየሁት መጠን ግን ሰዎች ለማዳመጥ ብለው የሚቀመጡበት ቦታ እምብዛም ነው። በሆቴሎቹ ያለው ኪቦርድና ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ድሮ ጁክቦክስ በሜምፊስ የሠራውን እዚህ ኪቦርዱ ይሠራል። የሚገርመው የጉጂ ቡና ባሕር ተሻግሮ እንደ ክለብ 47 ባሉ ቡና ቤቶች የሚጠጣ ሲሆን፣ በበቀለበት አገር ግን ሙዚቃ እየሰሙ የሚጠጡበት ቤት ይጠፋል።

ከጀግ ባንድ ታሪክ የምወስዳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቤት ነው። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ፣ ለተጫዋቾቹም የተቆረጠ ክፍያ የሚከፍል አንድ ቡና ቤት ይበቃል። ከሽልማት ብቻ የሚኖር ተጫዋች ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጾሙን ያድራል።

ሁለተኛው መቅረጽ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ ይህን ይሠራል። የሚቀርጽ ሰው ግን ፈቃድ ጠይቆ ዘፈኑ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፣ ቋንቋውን፣ ዘፋኙ ከማን እንደተማረው ጭምር መመዝገብ አለበት። ይህ ከሌለ ድምፁ ከሃያ ዓመት በኋላ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ስም ነው። በካሴትና በሲዲ ሽፋኖቻችን ላይ "ግጥምና ዜማ የሕዝብ" የሚል ጽሑፍ ማየት ለምደናል። አንዳንዱ በእርግጥ የሕዝብ ነው። አንዳንዱ ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰው የተደረሰ፣ ባለቤቱም በሕይወት ያለ ነው። ሕጉ ጎሎን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለከዋኞችም መብት አለው። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ክፍያውን በጋራ የሚሰበስብ ማኅበር ለማቋቋም መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ የትኛውም ማኅበር ስሙ ላልተጻፈ ሰው ክፍያ ሊያደርስ አይችልም።

በከተማችን ሠርግ ላይ ጄሪካን እየመታች አዲስ ግጥም የምታወጣውን ሴት ሁሉም በመልክ ያውቃታል፤ ዘፈኗ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን ስሟ አብሮ አይሄድም። ቪዲዮውን የሚልክ ሰው ከሥሩ ስሟንና ከተማዋን ቢጽፍ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ለገስ ካነን ከ34 ዓመት በኋላ ክፍያ ያስገኘለት ስሙ አብሮ መጻፉ ነበር።